ገዛ እህቴ ደጅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩ ለት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ሽማግሌ ደጅ ሳይቆም ትዳር ብሎ ነገር የለም። አሁንማ እናንተ ፌስቡክ ላይ ቀለበት ታሳዩና በማግስቱ "ጋሼ፣ ሰርግ አለ" ትሉኛላችሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። እኔ ድሮ ፓርክዴል ከኖርኩበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ በቶሮንቶ ከተማ ስንቱን አጋብቻለሁ መሰላችሁ፣ ሽማግሌ ሲጠፋ "ጋሽ ታምሩን ጥሩት" ነው። ታዲያ ከሁሉም ከሁሉም የማልረሳው ገዛ እህቴ ደጅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩትን ነው።

እህቴን ወርቅነሽን ታውቋት የለ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለችውን? ልጇ ሕሊና ካሊፎርኒያ ነርስ ነበረች፣ እና ካረን ከምትባል የዚያው አገር ልጅ ጋር ትኖራለች። "ጓደኛዬ ናት" ትላለች፣ እኛም "እሺ" እንላለን፣ የገባውም ያልገባውም ዝም ይላል። ታዲያ ያ የአሜሪካ ምርጫ መጣ። ፕሬዚዳንት ብቻ የመረጡ እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ በዚያው ቀን ሕዝቧን "ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ መጋባት ይከልከል ወይ?" ብላ ጠየቀች፣ ሕዝቡም "ይከልከል" አለ። እነሱ ለካ ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ነበር። በነጋታው ሕሊና ኮል አደረገችልኝ።

"ጋሼ፣ ተከለከልን" አለችኝ። ለቅሶዋ፣ ልጆች፣ አባቷ ሲሞትም እንዲያ አላለቀሰችም። "ካናዳ ይፈቀዳል አይደል? መጥተን ቶሮንቶ እንጋባለን። ግን እማዬ ካልቆመችልኝ ይቅርብኝ።"

"ነግረሻታል?"

"ነገርኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።"

እንግዲህ አልዋሻችሁም፣ ለእኔም አልተዋጠልኝም። በሃይማኖታችን የለም፣ ባገራችንም አላየነው። ግን ሕሊናን በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት፣ እና የልጅ ለቅሶ አንጀት ይበላል። "ግድ የለሽም፣ ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ መሰለኝ።

ታዲያ ሁለቱም መጡ፣ የካረንም አባት አብሮ መጣ። ፒተር ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው። ሴቶቹን ክሬሰንት ታውን እኔ ቤት ትቻቸው ሰውዬውን ይዤ ወጣሁ፣ እና ሳብዌይ ባቡር ውስጥም አውቶብስ ላይም ሥርዓቱን ሳስጠናው ነው የሄድኩት። "ተቀመጥ ብትልህ እንዳትቀመጥ" እለዋለሁ። "ለምን?" ይለኛል። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ በቃ።" "እሺ" ይላል፣ ምስኪን።

ገባን። ወርቅነሽ እኔን አይታ ፈገግ አለች፣ ቀጥሎ እሱን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"ተቀመጡ።"

"ለመቀመጥ አልመጣንም" አልኩ ጉሮሮዬን ጠራርጌ። "እንግዲህ ልጅሽን ለልጃችን..."

"ቆይ፣ ቆይ" አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "አንተ የማን ወገን ሆነህ ነው እዚያ የቆምከው?"

"እንዴት?"

"አጎቷ አይደለህም እንዴ? የልጅቷ አጎት ከጠያቂ ጋር የሚቆመው የት አገር ነው? የሰውን ልጅ ስታጋባ ኖረህ የራስህ ሲሆን ሥርዓቱ ጠፋብህ? ና ወዲህ፣ እኔ ጎን ተቀመጥ።"

ምን ልበል፣ እውነቷን ነው። ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ፒተር ምንጣፉ መሀል ብቻውን ቀረ። እና እሷ የሙሽራ እናት እንደምትጠይቀው ትጠይቀው ጀመር፣ እኔ አስተረጉማለሁ።

"ልጅህ ሥራዋ ምንድን ነው?"

"አስተማሪ ናት።"

"ትጠጣለች?"

"ለበዓል፣ ትንሽ።"

"የኔ ልጅ ስትታመም ማን ያስታምማታል?"

"አምና ሕሊና ኦፕሬሽን ስትሆን ልጄ አጠገቧ ወንበር ላይ ነበር የምታድረው" አለ።

ወርቅነሽ ስለ ኦፕሬሽኑ አልሰማችም ነበር። እኔም አልሰማሁም ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና "ጠይቅልኝ እስቲ፣ በምርጫው ለት እሱ ራሱ ምን ብሎ መረጠ?" አለችኝ።

መጠየቁን ፈራሁት፣ ግን ጠየቅኩት። ሰውዬው መሬት መሬቱን አየ።

"ይከልከል ብዬ ነው" አለ። "ሲነጋ ልጄ ስታለቅስ አገኘኋት። ለዚያ ነው የመጣሁት።"

ታስወጣዋለች ብዬ ተነሣሁ። እሷ ግን አየችው፣ አየችውና "እሱም እንደኔ ነው" አለች። "ታምሩ፣ የማያውቃት ሕዝብ ሁሉ ስለ ልጄ ተጠየቀ። እኔ ግን ተነገረኝ እንጂ ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬ ገና ሰው ደጄ ቆሞ ጠየቀኝ።" እንባዋ ወረደ። "የንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም አልወደድኩትም፣ ንገረው፣ አልወደድኩትም። ግን ልጄ እናት እንደሌላት ማዘጋጃ ቤት ብቻዋን አትቆምም። ተቀመጥ በለው።"

እና ሄደች። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ቆመችላት፣ ፊርማው ሲያልቅ ግን ሁለቱንም አንገታቸውን ይዛ ሳመቻቸው።

"እና ጋሼ፣ እትዬ ወርቅነሽ አሁን ወደዱት?"

እንግዲህ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ሃሃሃ፣ ሰውዬው ከካሊፎርኒያ ድረስ መጥቶ ጠይቋት የለ፣ አንተ በአንድ አውቶብስ ሄደህ ራሷን ጠይቃት።