ብርቅዬ እንድትጠይቅ

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. አዋሳ መሃል ከተማ፣ በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ አቶ ኃይለሚካኤል ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ብርቅዬ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ እጃቸውን ይዛለች። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ወደ ክሳቸው ገቡ።

«መምህርት፣ ይቺን ልጅ ክፍል ትደግማለች ብለሻል አሉ። መጽሐፉን ዐይኗን ጨፍና በቃሏ ትወጣልሻለች እኮ።»

«ችግሩ እሱ ነው፣ አባባ። ስትገልጠው ግን አታነበውም።»

«ይኼ የመምህራን ቀልድ መሆኑ ነው?»

ለቀልድ ትዕግሥት አልነበረኝም። ከሱቁ በር በላይ «ቀበሌ» ከሚለው ጽሕፈት የመጀመሪያዋን ፊደል ለብርቅዬ አሳየኋትና የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኳት። ብርቅዬ መሬት መሬት እያየች በለሆሳስ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምራ ወረደች። «ቀ» ላይ ደርሳ አልፋት ሄደች።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «እኔም የኔታ ዘንድ እንዲሁ ነው የተማርኩት።»

«ፊደሉን በተርታ ከያዙ በኋላስ ምን አስቆጠሩዎት?»

«አቡጊዳ።»

«አቡጊዳ ላይ ተርታው ለምን ተለወጠ? በዜማ ብቻ የያዘው ልጅ እንዲታወቅ አይደል? የኔታ እንኳ በሽምደዳ አልተታለሉም።»

ብርቅዬን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

«ሰነፍ አይደለችም» አልኩ። «ያልገባትን አትጠይቅም እንጂ። ስጠይቃትም ጓደኛዋ እስክትመልስ ትጠብቃለች። ማነው እንዲህ ያስለመዳት?»

«እኔ ነኝ።» ከፊት የተሰለፉትን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቷ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ጠየቀ። በዚያው ዕለት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እሷ ዝም ብላ ትኑርልኝ። አንቺ አልወለድሽም።»

ከፊታችን ያለችው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ዞር አለች። የሰማችን መስሎን ሁለታችንም ወደ ሱቁ በር ማየት ጀመርን።

«ሰልፉ ሄደ እኮ፣ ተጠጉ» አለችን።

በዚያ ሰልፍ የማይፈራ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ስለዚህ ፍርሃታቸውን አልናቅኩም። ፍርሃት ግን ልጅ አያስተምርም።

«የትና መቼ ዝም እንደሚባል ለማወቅም ማሰብ ያስፈልጋል» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ማሰብ ያልለመደች ልጅ ያዘዟትን ሁሉ ትፈጽማለች። እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቧ አይኖሩም። በርዎን ዘግተው እንድትጠይቅ ያድርጓት። መልሱንም አይንገሯት፤ ‹አንቺስ ምን ይመስልሻል?› ይበሏት።»

ተራችን ደርሶ ስኳራችንን ተቀበልን። ከዚያ፣ «እሞክራለሁ» አሉ። «ካልሆነ ግን ከትምህርት ቤት አወጣታለሁ።»

አላወጧትም። ብርቅዬ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች። ፊደልን የትም ብታየው ትለየዋለች፤ በሒሳብ የት እንደተሳሳተች ራሷ ፈልጋ ታገኛለች። ወደ ሦስተኛ ክፍልም አለፈች። የሸመደደ ልጅ የነገሩትን ይመልሳል፤ የጠየቀ ልጅ ግን ማንም ያልነገረውን ይደርስበታል። የዚህ ሁሉ ጥቅም ይኸው ነው።

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን አቶ ኃይለሚካኤልን ሐይቅ ዳር አገኘኋቸው። ምስጋና አልጠበቅኩም፤ እሳቸውም አላመሰገኑኝም።

«ማታ ‹አባቴ ምን ብሎ ነበር የጠየቀው?› አለችኝ» አሉ።

«ምን መለሱላት?»

«ምን እመልሳለሁ? ይኼን ሁሉ ዓመት እኔ ራሴ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።» ነጠላቸውን አጣፉ። «እዚያ ስብሰባ ላይ የነበረ አንድ ሰው ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ይኖራል። አሁን ወደሱ ነው የምሄደው።»