የእትዬ አጸደ አረፋ

በእኛ ጊዜ መምህር ማለት፣ ልጅ ከክፍል ሲቀር ቤት ድረስ የሚመጣ ነበር። የዛሬዎቹን አልወቅስም፤ ስልክ አላቸው፣ ይደውላሉ፣ አባት «እሺ» ይላል፣ ልጁም ማሾ ለቀማውን ይቀጥላል። እትዬ አጸደ ግን በእግራቸው ነበር የሚመጡት፣ በዚህ በሸዋሮቢት ፀሐይ፣ ጥላ ይዘው። ከደጋ ነው ተመድበው የመጡት፣ መጀመሪያ ሲመጡ ጋቢ ደርበው ነበር፣ ሳቅንባቸው፤ «እኚህ ሴትዮ ወር አይቆዩም» አልን። ታዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ቀሩ።

እና የእኔን ልጅ የሀያትን ነገር ልንገርህ። ማሾው ደርሶ ነበርና አባቷ ይማም፣ አላህ ይዘንለት፣ ከትምህርት ቤት አስቀራት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ማሳችን ድረስ መጡ። ይማም ገና ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱን አጨለመና «መጣች ደግሞ ልትጨቀጭቀኝ» አለኝ። የምን መጨቅጨቅ፤ ጥላቸውን አጥፈው ልጅቷ አጠገብ ገቡና ዝም ብለው መልቀም ጀመሩ። ይማም ቆየት ብሎ ጠጋ አለ፤

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«እየለቀምኩ።»

«ለምን?»

«ሀያት ሥራ አለባት አሉኝ። ሁለት ሆነን ብንለቅም ቶሎ ያልቅልናል፣ ከዚያ አብረን ትምህርት ቤት እንሄዳለን።»

እሱም ላይሸነፍ ወደ ለቀማው ተመለሰ፤ እሳቸውም ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ እስከ ቀትር ለቀሙ፣ ለቀሙ። ይማም አላስቻለውም። «ኧረ በአላህ ይተዉ፣ ልጅቷን ይውሰዷት፣ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል» አለ። ወሰዷት። ያቺ ልጅ ናት ዛሬ አዲስ አበባ ነርስ የሆነችው።

እንዲህ ነበሩ። ባል አላገቡ፣ ልጅ አልወለዱ፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ልጅ ሞልቶኛል» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ አሁን ያርፋሉ ስንል፣ ደግሞ እኛን አሮጊቶቹን ማንጎ ጥላ ሥር ሰብስበው ሀ ሁ አስቆጠሩን። እኔ ስሜን የጻፍኩት ያኔ ነው፣ በዚህ እጄ። ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ማድረስ እሳቸው፣ ለቅሶ ቤት የቅሬውን፣ የዕድራችንን ድንኳን ቆሞ ማስተከል እሳቸው። እስላም ክርስቲያን አይሉም።

ታዲያ አንድ ዓመት አረፋ መጣ። የእኛን ሥጋ ክርስቲያን አይበላም፣ የእነሱንም እኛ አንበላም፤ ግን ክርስቲያን ጎረቤት ሳይጠራ የሚያልፍ አረፋ የለም። ለእንግዳው ዶሮ ከነነፍሱ ይሰጣል፣ የራሱ ሰው ያርድለታል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። እና እትዬን የማይጠራ ቤት አልነበረም፤ «ዘንድሮ እኛ ቤት ናቸው»፣ «የለም፣ አምና እናንተ ወስዳችኋል» እየተባለ ጠብ ሊነሳባቸው ይደርስ ነበር። በኋላ ምን ሆነ መሰለህ? ሰው ሁሉ «እትዬማ ዛሬ እከሌ ቤት ናቸው» እያለ መጥራቱን ተወው።

እኔ ያን ቀን ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው እንዲሁ ጎራ ያልኩት። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ጫማም አድርገዋል።

«የት ዋሉ እትዬ?»

«እዚሁ።»

«ማን ቤት በሉ?»

«ገና ነኝ፣ ይጠሩኛል።»

«እትዬ፣ አስር እኮ ተሰግዷል።»

የቀሚሳቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠዋት ነው የለበስኩት ዘይነባ» አሉኝ። «ብወጣ፣ ሊጠራኝ የሚመጣው ያጣኛል ብዬ በረንዳ እንኳ አልወጣሁም።»

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔስ ምን ብዬ ነበር? ጎረቤታችን ሸሪፋ ቤት ናቸው ብዬ። ሸሪፋን ወጥቼ ብጠይቃት ደግሞ «ምነው፣ አንቺ ጋ መስለውኝ» አለችኝ። እና ሮጥ ብዬ ሽሮ ሠራሁ፣ በአረፋ ቀን ሽሮ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ሽሮ በላሁ። አንድ ሁለት ጎርሰው «ሽሮሽ ቀጥኗል» አሉኝ። አስተማሪ መቼም እርማት አይተውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችን አንድ ላይ ሆነ፣ አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሳቸው ቤት፣ ስንት ዓመት።

አምና አረፉ። ቀብሩን አይተሃል፣ ከአጣዬ ከካራቆሬ ሰው መጥቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና ዳር እስከ ዳር ቆሞ። አንዱ ጎልማሳ «እናቴ ናቸው» እያለ ደረቱን ይመታል፣ አንዷ «እኔን ሰው ያደረጉኝ» ትላለች። እኔ ጥግ ይዤ ብዛታቸውን አየሁና፣ ከማልቀስ ይልቅ ተናደድኩ። እያንዳንዱ በዓመት አንድ ቀን ቢመጣ ኖሮ፣ እትዬ ያን ሁሉ ዘመን የእኔን ቀጭን ሽሮ ባልበሉ። የሁሉ የሆነ ሰው የማንም አይደለም ልጄ።

አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይከፋኛል። ለአንድ ሰው ምን ድስት ይጣዳል? ቂጣ ቆረስ አደርግና እተወዋለሁ። ሀያት ትደውላለች፤ «እማዬ፣ ጎረቤት ይመጣል አይደል? ብቻሽን አይደለሽም አይደል?» ትለኛለች። «ኧረ ይመጣሉ፣ በሬ መች ይዘጋል» እላታለሁ፣ ሥራ ላይ ናት፣ ምን ልበላት? ላንተ ግን አልዋሽህም፣ ብቻ መሆን ይከብዳል። እስቲ አንተ፣ አጥር ለአጥር ያለኸው፣ ከዛሬ በፊት እዚህ ቤት የገባኸው መቼ ነው?

«እኔ እኮ እማማ» አልኳቸው፣ «ሀያት በየሳምንቱ የምትመጣ መስሎኝ ነበር።»