ምራቴ የምታነበው

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ስለ ምራታቸው ያወሩ ነበር። የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

«የምታነበው ሁሉ ግድያ ነው። ሽፋኑ ላይ ሳይቀር ቢላዋ አለበት።»

«ታዲያ ምን አለበት እማማ?»

«ምን አለበት ትያለሽ? ልጄ እኮ አጠገቧ ነው የሚተኛው!»

«ውይ እማማ!»

«ሳቂ አንቺ! እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ለፋሲካ ዶሮ ይዤላቸው ሄድኩ። ልጄ ሊያርድ ሲነሳ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ደፍና ቁጭ አለች።»

«ፈርታ?»

«ፈርታ! ‹ታዲያ ያን ሁሉ ደም እንዴት ታነቢዋለሽ?› አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ እንደምታይ ነገረችኝ። ገዳዩ ካልተያዘ መጽሐፉን አትጀምረውም።»

«እፎይ! አሁን እንቅልፍ መጣልዎት?»

«መጣልኝ እንጂ! ይልቅ አሁን ያሳዘነችኝ እሷ ናት። ልጄ የሚያነበው የኳስ ወሬ ብቻ ነው፤ ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ሰው አያናግርም።»

ገና «ቢላዋ» ሲሉ ጭኔ ላይ የደፋሁትን የግድያ ልብ ወለድ አንስቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።