ቀጭኗ ልጅና ሆላንዳዊው

ዝነኛው የሆላንድ ኳስ ተጫዋች በሞተ ሰሞን፣ በስደት በምኖርበት ከተማ ከፓርክ ሂል ሰፈር ወደ ኦሮራ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ በዕድሜ እኔን የሚያህሉ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ጎልማሳው የልጅ ማሊያ ይዟል።

«ሐበሻ ነህ አይደል? ማሊያው የማን ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«የልጄ ነው አባባ። ለአሰልጣኟ፣ ለኮቿ ልመልስለት ነው። ‹ቀጭን ነሽ፣ ይገፉሻል› ቢላት ጊዜ ኳስ አቆምኩ አለች።»

«ቀጭን? ሰሞኑን የሞተው ሆላንዳዊ ምን ነበር? ሸንበቆ እኮ ነው!»

«እኔ በእሱ ዘመን አልደረስኩም።»

«ታዲያ ምን ኳስ አየህ! እኔ ካርቱም ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይቼዋለሁ። ግዙፉ ተከላካይ ሲመጣበት ሊያቀብል መስሎ እግሩን ያነሳል። ተከላካዩ ወደዚያ! እሱ ኳሷን ባነሳው እግር ከቆመው እግሩ በስተኋላ ጎትቶ ወደዚህ!»

ብድግ ብለው መተላለፊያው ላይ ሊያሳዩት ሲሞክሩ አውቶቡሱ ነቀነቃቸው።

«አባባ፣ ይወድቃሉ!»

«ተወኝ፣ እየው! ጭንቅላት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ዛሬ ስንቱ ቲም የሚቀባበለው ከእሱ ተምሮ ነው። ሊገፉህ ሲመጡ አንተ እዚያ የለህም!»

«ይቺን ነገር ለልጄ ቢያሳዩልኝ!»

«በዚህ ጉልበቴ? ስልክህ ላይ አለልህ፣ አብራችሁ እዩት። ማሊያውን ግን ዛሬ አትመልስ።»

ጎልማሳው አውቶቡሱን የሚያስቆመውን የመውረጃ ገመድ ሳበ።

«ኮቹ ጋ ደረስክ እንዴ?»

«አልደረስኩም አባባ። ተሻግሬ ወደ ቤት የሚመልሰኝን አውቶቡስ ልይዝ ነው።»

እኔም ቀኝ እግሬን ከመቀመጫው ስር ባዶው ወለል ላይ የሌለች ኳስ ወደ ኋላ ስትጎትት አገኘኋት።