ቀድሞ የጨረሰው ጊታር ተጫዋች

አምስት ሰዎች አንድ ዘፈን አብረው ጀመሩ፤ ለፈተና የመጣው ጊታር ተጫዋች አውራጣት ቀድሟቸው ጨረሰ። የሩጫ ውድድር ቢሆን ኖሮ ይጨበጨብለት ነበር። የባንዱ መሪ ግን ምት የሚቆጥርለትን የጆሮ ማዳመጫ አወለቀና፣ «እናመሰግናለን ጋሼ፤ እንደውላለን» አለው። ስልክ ቁጥሩን አልጠየቀውም።

አውራጣት ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ሲመታው ከበሮ ስለሚያስመስለው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ከአሳንሰሩ አጠገብ ባለ ጥግ፣ ብቻውን ሲጫወት ኖረ። ሆቴሉ ጥጉ ላይ ቴሌቪዥን ሰቀለና አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ የሚጫወተው በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ለግድግዳው ነው። ግድግዳ አያጨበጭብም፤ አያርምም፤ የከፋው ሁለተኛው ነው። ይህ ባንድ ካልተቀበለው ወደዚያው ግድግዳ መመለሱ ነበር።

ዝናብ ባይጥል ኖሮ ወዲያው ይሄድ ነበር። ከልምምዱ ክፍል ውጭ ባለው መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች መሣሪያዋን እንደያዘች ለእረፍት ወጣች። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጨርሳ እዚያው የምታስተምር ወጣት ናት።

«አልሄዱም እንዴ፣ ጋሼ?»

«እስኪያባራ ነው። አይዞሽ፣ አላስቸግራችሁም።»

«ተቀየሙን?»

«ምን ያስቀይመኛል? እናንተ ጆሯችሁ ውስጥ ሰዓት ቀብራችሁ ቷ፣ ቷ፣ ቷ! እኛ የተማርነው በስሜት ነው። ተሰጥኦ በምት አይቆጠርም፣ ልጄ።»

«ለብቻው የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል።»

አውራጣት ፊቱ ተለዋወጠ። «ስድብ ነው?»

«አይደለም። ፍጥነትዎ እኮ ልክ ነበር! ታዲያ እንዴት ቀደሙን? እስቲ ይስሙ።»

ልምምዱን በስልኳ ቀርጻው ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፤ ዘፋኙ ተነፈሰ፤ ጊታሩ ግን ሳይተነፍስ ወደሚቀጥለው ገባ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

«እዚህ ጋ የኖታው ወረቀት ምን ይላል?»

«ወረቀት አላነብም። ዘፈኑን ሰምቼ ሳምንት ሙሉ ቤቴ ሠርቼበታለሁ።»

«ጊታር አራት ምት ዝም ይበል ነው የሚለው። በነዚያ አራት ምቶች በቤዜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ረገጡኝ።»

አውራጣት ስልኩን ትክ ብሎ አየው። «ሆቴሉ ውስጥ» አለ፣ «ዝም ያልኩ እንደሆነ አስተናጋጁ የጨረስኩ ይመስለውና መብራቴን ያጠፋዋል። ዝም የሚባልበትን ቦታ ሁሉ እየዘለልኩ መጫወት ለመድኩ።»

ልጅቷ አላባበለችውም። ለብዙ ሰው ተሰጥኦና ሙያ አንድ ይመስሉታል። ተሰጥኦ ሰውን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሙያ ግን ሌሎች በሚጠብቁት ቦታ፣ በሚጠብቁት ምት ላይ መገኘት ነው።

«ጊታርዎን ያውጡ» አለችው።

ስንኙን ተጫወተና ዘለለ። ደገመ፤ ዘለለ።

«ጣትዎ አመለኛ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣል!»

ሳቀች። በሦስተኛው መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳርፎ በከንፈሩ ቆጠረ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቤዙ በዚያ ዝምታ ውስጥ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። አውራጣት ዝም ባለ ጊዜ ሌላ ሰው ሲናገርለት ከስንት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በአምስተኛው ምት አብረው ገቡ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «አሁን ለመሪያችሁ ብትነግሪልኝስ?»

«አልነግረውም። አሁን አንዴ ሆነልዎ፤ እሱ የሚፈልገው መቶ ጊዜ የሚሆንለትን ሰው ነው። ሌላ ጊታር ተጫዋችም ጠርቷል፤ መንገድ ላይ ነው።»

አውራጣት ጊታሩን ወደ ማኅደሩ መመለስ ጀመረ።

«ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተማሪዎቼ ትምህርት ቤት ይለማመዳሉ። ሁለተኛ ጊታር ይፈልጋሉ። ትልቁ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እነሱ ወረቀት ማንበብ ያስተምሩዎታል፤ እርስዎ ያቺን አውራ ጣት ያስተምሯቸዋል። ሲያርሙዎት ግን ‹በስሜት ነው› ማለት የለም።»

«እነዚህ ልጆች እኔን ሊያርሙኝ?»

«ያርሙዎታል እንጂ! ስድስት ወር ይቻሏቸው። ከዚያ የትኛውም ባንድ ቢጠራዎት ወረቀቱን አይተው ይገባሉ። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አብረውት ይወርዳሉ። ሌላው ሲሳሳት ያነሡታል፤ እርስዎም ሲሳሳቱ የሚያነሣዎ ይኖራል። ብቻዎን ክፍል ውስጥ ሆነው ይህን ከየት ያመጡታል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ የሚነግረው ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው፤ ነጻነት ይመስለው የነበረው ይኸው ነበር።

«እመጣለሁ» አለ።

«ጊታርዎን ቃኝተው ይምጡ። እዚያ ሲቃኙ ቆመን አንጠብቅም።»

«ጊታሬንስ ተይው፤ እኔን መቃኘቱ ነው ፈተናው።»

እርጥብ ጃኬት የለበሰ ወጣት ጊታር አንግቶ መጣና የልምምዱ ክፍል የት እንደሆነ ጠየቃቸው። ልጅቷ ይዛው ገባች። ጥቂት ቆይቶ ዘፈኑ ከግድግዳው ወዲያ እንደገና ተጀመረ፤ የአውራጣትን ቦታ የያዘው ጊታር ንጹሕ ነበር። አውራጣት እስከ መጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ፣ ጊታሩ አራቱን ምት ዝም እስኪል፣ ቆሞ አዳመጠ።

ዝናቡ አላባራም። ጊታሩን አነገተ። ውስጥ ሰዎች እየተጫወቱ ስለነበር እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ በሩን ከውጭ ዘጋው።