የዘበኛው ስንቅ

የቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን መክፈቻ የጠፋው በእኔ እጅ ስለነበር፣ ቁልፍ ሠሪ ቤት መሄዱም የእኔ ዕዳ ሆነ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰው ካየሁ ምንም እንዳልፈለገ ሰው ሆኜ አልፋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን በዚያች ጠባብ ሱቅ የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ሠሪና መክፈቻ የምትሞርድ ነፍሰ ጡር ልጃቸው።

ደግነቱ መክፈቻው የጠፋው የቁም ሣጥኑ ጓጉንቸሮች ክፍት ሳሉ ነው። ሦስቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

«ሦስቱም በአንድ መክፈቻ ነው የሚከፈቱት፤ የላይኛውን ብቻ ቢቀይሩልኝ ይበቃል» አልኩ።

«አይበቃም» አሉ። «መክፈቻሽን ያነሣ ሰው የላይኛውን ብቻ ሞክሮ የሚሄድ መሰለሽ? እኔ ግማሽ ሥራ አልሠራም። ወይ የሦስቱንም ሆድ እቀይራለሁ፣ ወይ አንዱንም አልነካም።»

«እታለም፣ አትድከሚ» አለች ልጃቸው። «አባዬ አንዴ ካለ አለ ነው።»

እሺ አልኩ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጓጉንቸር ሊፈቱ ጎንበስ ሲሉ ቀበቷቸውን አየሁት። በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ከጀርባቸው፣ መክፈቻዎች በተሰቀሉበት ሰሌዳ ላይ፣ ቀይ ኪኒኖች የያዘች ከረጢት አቧራ ለብሳ ተንጠልጥላለች። እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ የማጠናው የቲቢን ባክቴሪያ ነውና ኪኒኖቹን ለማወቅ አልተቸገርኩም። አቧራው ግን አስደነገጠኝ። ዝም ብዬ ልወጣ ቃጥቶኝ ነበር። የልጅቱን ሆድ አየሁና ቀረሁ።

«አባባ፣ ይቅርታ… ኪኒኖቹ የእርስዎ ናቸው?»

«የእኔ ነበሩ! ሁለት ወር ዋጥኳቸው። ሳሉም ሄደ፣ የሌሊት ላቡም ሄደ። ከዳነ ሰው ዘንድ መድኃኒት ምን ይሠራል? የቀረውን በራሴ ዘዴ እየጨረስኩት ነው።»

«በምን ዘዴ?»

«በረሃብ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። በቀን አንዴ ደረቅ ዳቦ። ጀርሙ እኔ የበላሁትን አይደል የሚበላው? ጦሙን ይደር!»

«ጦሙን የሚያድረውስ አባዬ ራሱ ነው» አለች ልጅቱ ከሞረዷ ቀና ሳትል። «በቀደም መሰላል ላይ ቆሞ ዞረበት። በሚቀጥለው ወር እወልዳለሁ፤ ሕፃን እንያዝ ወይስ እሱን እንደግፍ?»

«አንቺ ውለጂ እንጂ፣ ልጁን ማቀፍ ለእኔ ተይው።»

እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ጠላትን ማስራብ የቆየ ጥበብ ነው። ሽማግሌው የተሳሳቱት ጠላታቸው ከማን ጓዳ እንደሚበላ ባለማወቃቸው ነው።

«ጀርሙ ውጭ የቀረ ሌባ ቢሆን ዘዴዎ በሠራ ነበር» አልኩ።

«ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም።»

ልጅቱ ሞረዷን አስቀመጠች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

«ሳንባችን ውስጥ ዘበኛ ሕዋሳት አሉ። ባዕድ ነገር ሲገባ ይውጡትና በትንሽ ከረጢት ይይዙታል። ከዚያ ሌላ አሲድ የያዘ ከረጢት ከዚያኛው ጋር ይገጥምና የተዋጠው ይፈጫል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሁለቱ ከረጢቶች እንዳይገጥሙ ያደርጋል።»

«ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ የክብሪት እንጨት ሰብሮ እንደሚከት ሌባ!»

«ልክ እንደሱ።»

«እሺ፣ ገብቶ ተቀመጠ እንበል። እዚያ ምን ይበላል? ገበያ የለበት!»

«የዘበኛውን ስንቅ ነዋ። ስቡንና ኮሌስትሮሉን ይበላበታል። ይባስ ብሎ ዘበኛው ሌላ ስብ እንዲያከማች ያደርገዋል። እነዚያን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሳያቸው በስብ ጠብታ ተሞልተው አረፋ ይመስላሉ።»

«ዘበኛውን ጎተራ አደረገው በይኛ!»

«አዎ። ብረትም ይሰርቃል።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ብረት? እንግዲያውስ ቀኑን ሙሉ ስሞርድ ድግስ ስደግስለት ነው የምውለው!»

«የዚህን ብረት አይደለም፤ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ጥቂቱን ነው። ሰውነት ይደብቀዋል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ብረት አድነው የሚይዙ ጥቃቅን ነገሮች ይለቃል።»

የብረት ብናኝ የሚሰበስቡበት ማግኔት በክር ታስሮ ጠረጴዛው ጎን ተንጠልጥሏል። ሳላስፈቅድ አንሥቼ በብናኙ ላይ አሳለፍኩት፤ ብናኙ እየዘለለ ተለጠፈበት። «እንደዚህ» አልኩ። የሰው ዕቃ ሳላስፈቅድ ስነካ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማግኔቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው በራ።

«ያዝኩሽ! ሌባው ስብ የሚወድ ከሆነ፣ እኔ ስብ መተዌ ልክ ነዋ!»

«አይደለም፣ አባባ። ሌባው የሚበላው ከእርስዎ ሳህን ሳይሆን ዘበኛው ጓዳ ውስጥ ካለው ስንቅ ነው። እርስዎ ሲራቡ ቀድመው የሚደክሙት ገና ያልተያዙት ዘበኞች ናቸው። እሱማ ስንቁን ታቅፎ ወራት ይተኛል። ሕክምናው ስድስት ወር የሚፈጀውም ለዚህ ነው። የሚሯሯጡት ባክቴሪያዎች ቶሎ ስለሚሞቱ ሳሉ ይጠፋል። የተኙት ሲነቁ ግን መድኃኒቱ እዚያው ሊጠብቃቸው ይገባል። መሀል ላይ ካቆሙት፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ተርፈው ሊባዙ ይችላሉ።»

«አልሳልም እኮ! አሁንም በሳቅ ያስነሣሽብኝ አንቺ ነሽ!» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «በዓይን የማይታይ ነገር ይዘሽ መጥተሽ በገዛ ሱቄ ታስፈራሪኛለሽ? አንቺ ሳትወለጂ ስንቱን በር ከፍቻለሁ!»

ቦርሳዬን ጨበጥኩ። እግሬም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ዓይኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እያወራን ሳለ የሁለቱ ጓጉንቸሮች ሆድ ተቀይሮ አልቋል፤ ሦስተኛው ተራውን ይጠብቃል።

«መልካም» አልኩ። «ሦስተኛውን ይተዉት፤ ሁለቱ ይበቁኛል።»

«አይሆንም አልኩሽ!»

«ለምን?»

«በቀረው በኩል ሌባው…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። መፍቻው እጃቸው ላይ ቀረ። ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አየሽልኝ ይህቺን ለስላሳ መሳይ ብልጥ!» አሏት ልጃቸውን በመጨረሻ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ወረደ። «ልጁስ? የተኛው ቢነቃ… ለሚወለደው ያሰጋል?»

«ያሰጋል። የሕፃን ዘበኞች ገና ጀማሪዎች ናቸው። ከአዋቂ ይልቅ በቶሎ ይሸነፋሉ።»

ሦስተኛውን ጓጉንቸር ቀይረው ጨረሱ፣ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ከረጢቷን ከምስማሯ አወረዱና አቧራዋን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ዝጊው» አሏት ልጃቸውን። ያ ሱቅ ከቀትር በፊት ተዘግቶ አያውቅም ይባላል።

ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ መድኃኒቱ ስለተቋረጠባቸው ሦስት ሳምንታት ሳትሸፋፍን ተቆጣቻቸው። ከተቋረጠበት ዝም ብሎ መቀጠል እንደማይቻል ነግራ አክታቸውን አስመረመረች፤ በውጤቱ መሠረት ሕክምናው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ልጅቱም ተመረመረች፤ ንጹሕ ሆና ተገኘች። ለመውለድም ወደ ባሏ እናት ቤት ሄደች። ሽማግሌው እንቁላል፣ ወተትና ባቄላ መብላት ጀመሩ። ኪኒኑ ወደ ምስማሩ ተመለሰ፤ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው እያየ መዋጥ ግዴታቸው ሆነ። የልጅ ልጃቸውን ጤና ጣቢያው እስኪፈቅድላቸው ድረስ ያዩት በዚያው ቤት መስኮት መስታወት ነው። ለእሳቸው ከኪኒኑ ሁሉ ይህ መረረ፤ ሆኖም አንድም ቀን በሩን አላንኳኩም።

ሕክምናው ባለቀ ሳምንት ሌላ መክፈቻ ላስቀርጽ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ከሦስት በላይ ሰው ነበር፤ ገባሁ። ቀበቷቸው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሷል፤ መሰላል ላይም ይወጣሉ። ከደንበኞቻቸው ሁለቱን፣ ሳል ሲሰሙባቸው ሥራውን ትተው፣ ወደ ምርመራ እንደላኩ ልጅቱ ነገረችኝ።

ሲያዩኝ የብረት ብናኙን ከእጃቸው በሳሙና አጥበው ሕፃኑን ከእናቱ ተቀበሉ። ባዶውን የኪኒን ከረጢት ከምስማሩ አንሥተው ዘረጉልኝ።

«ልቁጠር ብትይም ምንም የለበትም» አሉ። «ግማሽ ሥራ እንደማልሠራ ታውቂያለሽ፤ ሦስቱንም ቀይሬያለሁ።»