ቢራራ ኮፍያውን ሲያወልቅ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከዳባትም ከጃናሞራም የመጣችሁ ወገኖች፤ እግዜር ያጥናችሁ። እኔ ሳጅን ሙጃሂድ ነኝ። ከወንድማችን ከሳጅን ቢራራ ጋር በአንድ ጣቢያ ስንሠራ ኖረናል። እየተንቆራጠጥሁ ብናገር ይቅር በሉኝ፤ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል። ኮፍያዬን አለማውለቄንም ታዝባችሁ ይሆናል። ቆዩኝ፣ እነግራችኋለሁ።

የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ተቀጠረ፣ ዐረፈ። ሥራውስ? ሥራው የት ተነበበ? እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ መርዶ ከቢራራ አፍ የሰማችሁ? እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

በዛሪማ ቁልቁለት መኪና ሲገለበጥ፣ "ቢራራ ይሂድ።" ሰው ገደል ሲገባ፣ "ቢራራ ይሂድ።" ለምን? ያውቅበታላ! ሲነጋጋ ይደርሳል። በቀጥታ በር አያንኳኳም። መጀመሪያ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ የነፍስ አባት ያስጠራል፤ "ማታ እህል ቀምሰዋል?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይገባና ኮፍያውን ያወልቃል። አፉን ሳይከፍት ሰው ያውቃል። የወደቀውን ይደግፋል፤ አብሮ ያለቅሳል። ተመልሶ ሲመጣስ? "እህ፣ ነገርካቸው?" እንለዋለን። "ነገርኳቸው" ይላል። አለቀ! ሻይ እንኳ የሚያጠጣው አልነበረም።

የዳባቱን ሰርግ ታስታውሳላችሁ? ዳሱ ውስጥ የነበራችሁ እዚህ አላችሁ። ቢራራ የዘመድ ሰርግ ብሎ ሄደ። ሞቀውና ኮፍያውን አወለቀ። የሙሽራዋ እናት አየችው። ሹፌር ልጅ አላት። "ልጄን! ልጄን!" ብላ ደረቷን ደቃች። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ይሄ ምስኪን፣ "ኧረ እናቴ፣ ለሰርጉ ነው የመጣሁ! ልበላ ነው!" እያለ ይምላል። ማን ይስማው! ኋላ ጣቢያ ገብተን ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰርግ ሄዶ አያውቅም። ክርስትናም ቀረ፤ ዘመድ ጥየቃም ቀረ።

እንቅልፍ እምቢ አለው። ራሱን ያመው ጀመር። ሐኪሙ፣ "ግፊት ነው፤ ዕረፍት ያስፈልግሃል" አለው። ዕረፍት ቢጠይቅ እኛ ምን አልነው? "አንተ ደግሞ፣ ፖሊስ አይደለህም እንዴ?" ወንድ ልጅ በሆዱ ይችላል አልን። ሆድ ስንት ይችላል? እኮ ስንት ይችላል?

ማክሰኞ ዕለት ከጃናሞራ ተመለሰ። ለአንድ ሽማግሌ የልጃቸውን መርዶ አርድቶ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና "ውሃ ስጡኝ" አለ። ውሃው ሲመጣ ቢራራ የለም።

ለባለቤቱ ማን ይንገር? ጣቢያ ሙሉ ፖሊስ እርስ በርሱ ተያየ። የሚያውቅበት አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ሞቷል። እኔና አዲሷ ባልደረባችን የትናየት ሄድን። ጎረቤት መቀስቀስ ረሳን። የነፍስ አባት ረሳን። በሩ ላይ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ባለቤቱ፣ እኅቴ አመተ ማርያም፣ ይችው አለች፣ ትመስክር። ምን አለችኝ? "ውይ፣ መርዶ ነው? ታዲያ ምነው ቢራራን ትታችሁት መጣችሁ? እንዲህ ያለውን እሱ ነው የሚያውቅበት።"

ከዚያ ወዲህ ኮፍያዬን ማውለቅ ፈራሁ።

ኮማንደር፣ ፊት ለፊቴ ነዎት። ነገ መኪና ሲገለበጥ ማንን ሊልኩ ነው? ትናንት በስምሪት ላይ "የትናየት ትሂድ፤ ለምዳዋለች" ሲባል ሰምቻለሁ። ምኑን ነው የለመደችው? አንድ ቀን ነው የሄደችው፤ እሱም ከእኔ ጋር፣ ቢራራ ቤት። ብቻዋን አትሂድ! ሁለት ሆነው ይሂዱ። ስትመለስ ዕረፍት ይሰጣት፤ የሚያነጋግራት ሐኪም ይፈለግላት። ማንም ይሁን ማን፣ "አንቺስ እንዴት ሆንሽ?" የሚል አንድ ሰው ይኑራት። ይሄ በዛ? ጉድጓዱ ሳይደፈን ቃልዎን ይስጡን።

እሺ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አይታችኋል? ካህናቱም አይተዋል። አደራ።

ወንድሜ ቢራራ፣ ሰውን ሁሉ እርሙን አስወጣህ፤ የራስህን ግን በሆድህ ይዘህ ሄድክ። አሁን ኮፍያዬን አወልቃለሁ፤ እናቶቼ አትደንግጡ። አፈሩ ይቅለልህ። ፈጣሪ ነፍስህን በገነት ያኑራት። ውሃ ለምነኸን አላደረስንልህም። ይቅር በለን። ደህና ሁን።